ጀነራሉ ስልኩን ሲያጠፋ፦ ሰብ ኮንትራክተር ገንዘቡን ከቤቱ ባለቤት የሚጠይቅበት መንገድ

ቤዝመንቱ አልቋል። ታይሉ ተነጥፏል፣ ግራውቱ ደርቋል። ባለቤቶቹ ገብተው የልጃቸውን ልደት አክብረውበታል። የእናንተ ኢንቮይስ ግን እንደተላከ ቀርቷል። ጀነራል ኮንትራክተሩ፣ ማለትም ከባለቤቱ ጋር ተዋውሎ እናንተን ሰብ አድርጎ የቀጠራችሁ ሰው፣ መጀመሪያ «ሰኞ እከፍላለሁ» አለ። ቀጥሎ «ባለቤቱ አልከፈለኝም» አለ። አሁን ስልኩ አይነሳም።

በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰብ የሚያስበው አንድ ነገር ነው፦ ሥራዬ ያለው እነሱ ቤት ነው፣ እነሱ ይክፈሉኝ። ሐሳቡ ትክክል ነው፣ በሕግም ስም አለው፦ ያለአግባብ መበልጸግ። አገር ቤት ሕግ የቀመሰ ሰው የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2162 ያስታውሳል። በሌላ ሰው ድካም ወይም ንብረት ያለ በቂ ምክንያት የተጠቀመ ሰው፣ በተጠቀመበት መጠን ይካስ ይላል። አሜሪካም ይህንኑ መርህ ታውቀዋለች።

ግን በዚህ መንገድ ከባለቤቱ ገንዘብ ለማግኘት ሥራችሁን መጠቀሙን ማሳየት ብቻ አይበቃም። ለዚያ ሥራ ለማንም ሳይከፍል መቅረቱን ማሳየት አለባችሁ። ለጀነራሉ ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ ከሆነ፣ የበላችሁ ጀነራሉ ነው። ዳኛው ባለቤቱን ሁለት ጊዜ ክፈል አይለውም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚዞረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ታይል ሠሪ ነበርኩ፣ አሁን ለሰቦች ኢንቮይስና ወረቀት እሠራለሁ። የምጽፈው በዋናነት ስለ ሜሪላንድ ነው፤ ቨርጂኒያና ዲሲ የሚለዩበትን በየቦታው እጠቅሳለሁ። ሌላ ስቴት ያላችሁ አካሄዱን ውሰዱ፣ ቀኖቹን ግን ከራሳችሁ ስቴት ሕግ አረጋግጡ።

መጀመሪያ፦ ውሉ ከማን ጋር እንደሆነ ለዩ

ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንድ ማስታወሻ ደብተር አውጡና ሦስት ስም ጻፉ፦ የቀጠራችሁ ማን ነው፣ እሱን የቀጠረው ማን ነው፣ ቤቱ በማን ስም ነው?

ሦስተኛውን ለማወቅ የሜሪላንድ የንብረት ምዝገባ ድረ ገጽ አለ፣ ሰው «ኤስዳት» ይለዋል። በነጻ ነው። አድራሻውን ስታስገቡ የባለቤቱ ስም ይወጣል። አንዳንዴ የምታዩት ስም ያስገርማችኋል። «ባለቤቱ» ብላችሁ ቡና ስትጠጡ የነበረው ሰው ተከራይ ሆኖ ይገኛል። ይህ በተለይ በእኛ ሰው ሬስቶራንቶች ላይ የተለመደ ነው። ቦታውን የተከራየው ሰው ኪችኑንና ባሩን ያሠራል፣ ሕንጻው ግን የሌላ ነው። ሥራውን ያዘዘው ተከራዩ ከሆነ ሕንጻው ላይ ያላችሁ መብት በጣም ይጠባል። በሜሪላንድ የንብረት መያዣውም ቢሆን የሚያርፈው ተከራዩ በኪራይ ውሉ ባለው መብት ላይ ብቻ ነው። አከራዩን ያለአግባብ በልጽገሃል ብሎ መክሰስም ከባድ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ምንም አልጠየቀም።

ሁለተኛ የምትለዩት፣ በእርግጥ ሰብ ናችሁ ወይስ ሠራተኛ? በቀን ሂሳብ እየተከፈላችሁ፣ በሰው መሣሪያ፣ ሰው ባለው ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ ጉዳያችሁ የደመወዝ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሌላ፣ እንዲያውም የተሻለ መንገድ አለ። ሜሪላንድ ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ በኮንስትራክሽን ሥራ ላይ ሰቡ ለሠራተኛው ያልከፈለውን ደመወዝ ጀነራሉም ተጠያቂ እንዲሆንበት አድርጋለች። ፍርድ ቤት ካመነበትም ያልተከፈለው ደመወዝ እስከ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ይህን ሳታጣሩ ወደ ባለቤቱ አትሩጡ።

ሦስተኛ፣ ባለቤቱ በአፉም ቢሆን ቃል ገብቶላችኋል? «ጀነራሉ ካልከፈለህ እኔ አለሁ፣ ሥራህን አታቋርጥ» ብሎ ከሆነ፣ ያ ራሱን የቻለ ስምምነት ሊሆን ይችላል። ከያለአግባብ መበልጸግ ክስ የበለጠ ጠንካራ ነው። ያን ቀን ማታ «ዛሬ እንደተነጋገርነው፣ ቀሪውን አንተ እንደምትከፍል ተማምኜ ነገ እቀጥላለሁ» ብላችሁ ቴክስት ላኩ። «እሺ» የሚል መልስ ከመጣ ወርቅ ነው።

ቀን መቁጠር፦ ላየን ይቀድማል

ይህን ክፍል ዘለግ አደርገዋለሁ፣ ምክንያቱም ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው።

ላየን ማለት ለሠራችሁበት ሥራ በንብረቱ ላይ የሚመዘገብ መያዣ ነው። ያለአግባብ መበልጸግ የመጨረሻው በር ነው፣ ላየን ግን የፊት በር ነው። ባለቤቱ ቤቱን ሊሸጥ ወይም ሪፋይናንስ ሊያደርግ ሲል ላየን ይይዘዋል። ችግሩ በሩ ቶሎ ይዘጋል።

በሜሪላንድ ሰብ የሆነ ሰው ሥራውን ከሠራ ወይም ዕቃውን ካቀረበ በኋላ በ120 ቀን ውስጥ፣ ላየን ለመጠየቅ እንዳሰበ ለባለቤቱ የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት አለበት። በእጅ ወይም በተመዘገበ ፖስታ፣ ከመቀበያ ፊርማ ጋር። ማስታወቂያው ማን እንደቀጠራችሁ፣ ምን እንደሠራችሁ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት እንደቀረ መናገር አለበት። ከዚያ ሥራው ካለቀ በ180 ቀን ውስጥ ለሰርኪት ፍርድ ቤት አቤቱታ ይገባል። ሜሪላንድ ውስጥ ወረቀት ስላስገባችሁ ብቻ ላየን አይጸናም፣ ዳኛ መወሰን አለበት። ይህ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1976 የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የድሮውን አሠራር ባለቤቱን ሳይሰማ ንብረቱን የሚይዝ ነው ብሎ ከሻረው ወዲህ ነው።

ሌላም ማጣሪያ አለ። አዲስ ግንባታ ካልሆነ፣ ጥገናው ወይም ማሻሻያው ቢያንስ የሕንጻውን ዋጋ 15 በመቶ መድረስ አለበት። አንድ መታጠቢያ ቤት ማደስ ብዙ ጊዜ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ ትናንሽ ሥራ የምትሠሩ ሰዎች ሜሪላንድ ውስጥ ላየን ላይኖራችሁ ይችላል። ያለአግባብ መበልጸግ ትርጉም የሚኖረው ይሄኔ ነው።

ማስታወቂያው ግን ላየን ባይከተለውም ይጠቅማል። ባለቤቱ ማስታወቂያው ሲደርሰው ለጀነራሉ ከሚከፍለው ላይ ያን ያህል ገንዘብ ይዞ ማቆየት ይችላል፣ ሕጉ ይፈቅድለታል። ሰውየው ለራሱ መኖሪያ የሚያሠራው አዲስ ቤት ከሆነ ደግሞ ላየኑ የሚደርሰው ማስታወቂያው በደረሰበት ቀን ባለቤቱ ለጀነራሉ ሳይከፍል እስከቀረው ገንዘብ ድረስ ብቻ ነው። ማክሰኞ ማስታወቂያ ብትልኩና ሰኞ የመጨረሻውን ቼክ ቆርጦ ከሆነ፣ አለቀ።

ቨርጂኒያ ሌላ ሰዓት አላት። መጨረሻ የሠራችሁበት ወር ካለቀበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን፣ ሕንጻው ካለቀ ወይም ሥራው ከተቋረጠም ከ90 ቀን ሳያልፍ፣ ላየኑን በካውንቲው ሰርኪት ፍርድ ቤት ታስመዘግባላችሁ። ከ150 ቀን በላይ ወደኋላ የቆየ ሥራም አይካተትም። የመኖሪያ ቤት ከሆነ የግንባታ ፈቃዱን አንብቡ። እሱ ላይ የላየን ወኪል (የሰቦችን ማስታወቂያ የሚቀበል ሰው) ስም ካለ፣ ሥራ በጀመራችሁ በ30 ቀን ውስጥ ለእሱ ማሳወቅ ይጠበቅባችኋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ሌላ ብዙ ሰብ የማያውቀው መንገድ አለ፦ ለባለቤቱ አስቀድማችሁ ስለ ውላችሁና ስለሚጠበቀው ሂሳብ ማስታወቂያ ከሰጣችሁ፣ ሥራው ካለቀም በ30 ቀን ውስጥ በመሐላ የተረጋገጠ ሂሳብ ካቀረባችሁ፣ ባለቤቱ ለጀነራሉ ባለበት ዕዳ መጠን በግል ተጠያቂ ይሆናል። ዲሲ ደግሞ ሥራው ካለቀ ወይም ከተቋረጠ በ90 ቀን ውስጥ ማስታወቂያ ማስመዝገብ ያስፈልጋል።

ሥራው የመንግሥት ትምህርት ቤት ወይም የፌዴራል ሕንጻ ከሆነ ላየን የለም፣ የመንግሥት ንብረት አይያዝም። በምትኩ ጀነራሉ ያስያዘው የክፍያ ቦንድ አለ፣ ማለትም ሰቦች ሳይከፈሉ ሲቀሩ የሚጠይቁበት ዋስትና። በፌዴራል ሥራ ላይ ክሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ይመሠረታል፤ ውላችሁ ከዋናው ኮንትራክተር ጋር ሳይሆን ከሱ ሰብ ጋር ከሆነ ደግሞ መጨረሻ ከሠራችሁበት ቀን በ90 ቀን ውስጥ ለዋናው ማሳወቅ ግድ ነው።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው ጉዳይ ላንሳ። ባለቤቱ ሐበሻ፣ ጀነራሉ ሐበሻ፣ ሰቡ ሐበሻ ሲሆን ነገሩ ወደ ሽምግልና ይሄዳል። አንድ ጋሼ ይገኛሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ቁጭ ይባላል፣ «እስቲ አንድ ወር ስጠው» ይባላል። ወሩ ሁለት ይሆናል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ብዬ አራት ወር ከግማሽ ጠበቅሁ። ሽማግሌዎቹ ቅን ሰዎች ነበሩ፣ 120 ቀኔ ግን እነሱ ቡና ሲጠጡ አለፈ። አሁን የምመክረው፦ ሽምግልናው ይቀጥል፣ ደብዳቤው ግን ይሂድ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሕጉ ቀን ስለሚቆጥር ነው፣ ከተስማማን እሰርዘዋለሁ» ብትሏቸው ይገባቸዋል።

ባለቤቱን ስለ ክፍያው ጠይቁት

አሁን ወደዚያች ጥያቄ። ባለቤቱ ለጀነራሉ ስንት ከፈለ?

በስልክ አትጣሉ። ብዙ ባለቤቶች ራሳቸው በጀነራሉ የተጎዱ ናቸው፣ እናንተን እንደ ምስክር ይፈልጓችኋል። በትሕትና አጭር ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ፍሬ ነገሩ ይህ ይሁን፦ ቤዝመንትዎ ላይ ታይሉን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ይህን ያህል አልተከፈለኝም፣ ለጀነራሉ ያልተከፈለ ገንዘብ በእጅዎ ካለ ለእሱ ከመክፈልዎ በፊት ያነጋግሩኝ፣ የውሉንና የከፈሉበትን ማስረጃ ቢያሳዩኝ አመሰግናለሁ። ፎቶና ኢንቮይስ አያይዙ።

መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። «ሁሉንም ከፍያለሁ» ካለና ቼኮቹን ካሳየ፣ ባለቤቱን ተዉትና ጀነራሉን አሳዱ። ከልብ የምመክረው ነው፤ በንዴት ባለቤቱን መክሰስ ገንዘብና ጊዜ ይበላል። «ገና 14,000 ዶላር ይዣለሁ» ካለ ጉዳይ አላችሁ። ዝም ካለ ደግሞ ክሱ ሲመሠረት ማስረጃውን እንዲያወጣ በፍርድ ቤት ትጠይቃላችሁ።

ገንዘብ ይዞ ከሆነ ከክስ በፊት አንድ ቀላል መፍትሔ አለ፦ ጆይንት ቼክ። ቼኩ የሚጻፈው ለጀነራሉና ለእናንተ በአንድነት ነው፣ ሁለቱም ሳይፈርሙ አይመነዘርም። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ መክፈልን ይፈራል፣ ይህ ፍርሃቱን ያስወግድለታል። ጀነራሉ በጽሑፍ መስማማት አለበት፣ ጭራሽ ከጠፋ ግን አይሠራም።

ሦስቱ ማጣሪያዎች

አሁን ክሱ ራሱ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ለባለቤቱ ጥቅም ሰጥታችኋል፣ ባለቤቱ ጥቅሙን ያውቃል፣ ሳይከፍል ይዞት መቅረቱ ደግሞ ፍትሕ የጎደለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለሰብ ቀላል ናቸው። ታይሉ ላይ እየተራመደ «አላውቅም» አይልም። ውጊያው ሦስተኛው ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የሕግ ኢንስቲትዩት ያወጣው ስለዚህ ሕግ የተጻፈ ታላቅ ማጠቃለያ፣ በክፍል 25 ልክ የእናንተን ታሪክ ያነሳል፦ ከአንዱ ጋር ተዋውሎ ለሌላው ጥቅም የሰጠ፣ ግን ያልተከፈለው ሰው። ሐሳቡን በኛ ቋንቋ ላስቀምጠው። ባለቤቱ ከመጀመሪያው ያልገባበትን ግዴታ አትጭኑበትም። ሌላ የሚያስከፍላችሁ መንገድ መኖር የለበትም። ባለቤቱም ሥራውን በነጻ ይዞ የሚቀር መሆን አለበት።

ከእነዚህ «ሌላ የሚያስከፍላችሁ መንገድ መኖር የለበትም» የሚለው ብዙ ሰብን ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1966 የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አንድ መታጠቢያ ቤት ላይ ዕቃና ጉልበት ያቀረበ ድርጅት፣ ጀነራሉ ኪሳራ ሲያውጅበት፣ ባለቤቶቹን ለመጠየቅ በር ከፈተለት። ግን መጀመሪያ ከተዋዋለው ሰው ለማግኘት ያለውን መንገድ ሁሉ መጨረስ አለበት አለ። ፍሎሪዳ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ1997 በአንድ የስተኮ ሰብ ጉዳይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንኑ ደገመ፣ ባለቤቱ ለሌሎች የከፈለውን የማሳየት መብት እንዳለውም ጨመረ። ስለዚህ ጀነራሉን ከክሱ አታውጡት። ሁለቱንም በአንድ ክስ ላይ አስገቡ፦ ጀነራሉን በውል፣ ባለቤቱን በያለአግባብ መበልጸግ። የባለቤቱ ጠበቃ «ውል አለህ፣ ወደ ውልህ ሂድ» ማለቱ አይቀርም። ጀነራሉ እንደጠፋ የሚያሳዩ የተመለሱ ደብዳቤዎች፣ የተመለሰ ቼክ፣ ኤልኤልሲው (ድርጅቱ) እንደተዘጋ የሚያሳይ ወረቀት ካላችሁ አስቀምጡ።

ጀነራሉ ኪሳራ ካወጀ እሱን መክሰስ ይቆማል፣ በኪሳራው ፍርድ ቤት የገንዘብ ጥያቄ ታስገባላችሁ። ይህን ያለ ጠበቃ አትሞክሩት።

ስንት ትጠይቃላችሁ?

ኢንቮይሳችሁ ላይ ያለው ቁጥር የሚገባችሁ ቁጥር ላይሆን ይችላል። ባለቤቱ የሚመልሰው የበለጸገበትን ነው፣ እናንተ የተስማማችሁበትን ትርፍ አይደለም። ምሳሌ ልስጥ።

ባለቤቱ ከጀነራሉ ጋር በ62,000 ዶላር ተዋዋለ። 48,000 ከፈለ፣ 14,000 ቀረው። ጀነራሉ ሥራውን ሳይጨርስ ጠፋ። ባለቤቱ በርና ቀለሙን ለማስጨረስ ለሌላ ሰው 5,000 አወጣ። የእናንተ ኢንቮይስ 11,500 ነው። ባለቤቱ በእጁ በነጻ የቀረው 9,000 ነው እንጂ 14,000 አይደለም። ስለዚህ በዚህ መንገድ ከእሱ ለማግኘት ልታስቡ የምትችሉት ጣሪያ 9,000 ነው፣ ቀሪው 2,500 የጀነራሉ ዕዳ ነው። ያልተከፈለው ቧንቧ ሠሪም ካለ ከዚያችው 9,000 ላይ ይጠይቃል። ቀድሞ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የዋጋውን ልክ የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ያዙ፦ የዕቃ ደረሰኝ፣ የሠራችሁበት ሰዓት፣ የዚያው ዓይነት ሥራ የሌላ ኮንትራክተር ኤስቲሜት። ሥራው ጉድለት ካለበት ዳኛው ይቀንሳል።

የሚያስጥሉ ነገሮች

ላይሰንስ የመጀመሪያው ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የቤት ማሻሻያ ሥራ በስቴቱ የቤት ማሻሻያ ኮሚሽን ላይሰንስ ይሠራል፣ ሰብም ይጠየቃል። ላይሰንስ ሳይኖራችሁ ሠርታችሁ ፍርድ ቤት ብትቀርቡ ውሉ አይከበርም፣ ያለአግባብ መበልጸጉም ብዙ ጊዜ አብሮ ይወድቃል። ዲሲ በዚህ ላይ እጅግ ጥብቅ ናት። በጓደኛ ላይሰንስ መሥራት የተለመደ እንደሆነ አውቃለሁ። ገንዘብ ሲጠፋ ግን ዳኛው ፊት የሚቆመው ጓደኛችሁ ይሆናል።

ሁለተኛው የፈረማችሁት ወረቀት ነው። ብዙ ጀነራሎች በየክፍያው የላየን መልቀቂያ፣ ማለትም የላየን መብታችሁን የምትተዉበት ወረቀት፣ ያስፈርማሉ። ሳታነቡ «ሁሉንም ተቀብያለሁ» ብላችሁ ፈርማችሁ ከሆነ ባለቤቱ ያንን ያወጣል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። ለያለአግባብ መበልጸግ ክስ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያም በዲሲም 3 ዓመት አላችሁ። ረጅም ይመስላል፣ ምስክርና ቴክስት ግን ቀድሞ ይጠፋል። ስልክ ከመቀየራችሁ በፊት መልእክቶቹን አትሙ።

የት ይከሰሳል?

ሜሪላንድ ውስጥ እስከ 5,000 ዶላር ስሞል ክሌምስ (የትናንሽ ገንዘብ ክሶች ችሎት) ነው፣ እስከ 30,000 ዲስትሪክት ፍርድ ቤት፣ ከዚያ በላይ ወይም ላየን ከሆነ ሰርኪት። ዲሲ ስሞል ክሌምስ እስከ 10,000 ይሄዳል። ሥራውን በኤልኤልሲ ስም ከሠራችሁ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከስሞል ክሌምስ በላይ ድርጅቱን ወክላችሁ ራሳችሁ መቆም አትችሉም፣ ጠበቃ ግድ ይሆናል። በዚህ ምክንያት 5,800 ዶላር ያልተከፈለው ሰው 800ውን ትቶ በ5,000 ራሱ ሲሄድ አይቻለሁ፣ ሒሳቡን ስሠራው አልተሳሳተም።

አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ በነጻ ነው። አማርኛ በዚህ አካባቢ ፍርድ ቤቶች የተለመደ ቋንቋ ነው። ቀጠሮው ሳይደርስ ቀድማችሁ ጠይቁ እንጂ በዕለቱ ልጃችሁን ይዛችሁ አትሂዱ።

ማስረጃውን በቅደም ተከተል በአንድ ፎልደር ያዙ፦ ከጀነራሉ ጋር ያላችሁ ውል ወይም ቴክስት፣ ፎቶ ከቀን ጋር፣ ኢንቮይስ፣ ለባለቤቱ የላካችሁት ደብዳቤና የፖስታ ደረሰኝ፣ ላይሰንስ። ዳኛው የሚሰጣችሁ ደቂቃ ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገራችሁ «ሥራውን ሠርቻለሁ» ሳይሆን «ባለቤቱ ለዚህ ሥራ 9,000 ዶላር ለማንም አልከፈለም» ይሁን።

አብዛኛው ጉዳይ ግን ከዳኛው በፊት በኮሪደር ያልቃል። የባለቤቱ ጠበቃ ቼክና የመልቀቂያ ወረቀት ይዞ ይመጣል። መልቀቂያው ላይ «ቼኩ ከተመነዘረ በኋላ የሚጸና» የሚል ቃል ከሌለ በእስክሪብቶ ጨምሩበት፣ ሁለታችሁም ጎኑ ላይ ፈርሙ፣ ክሱንም ገንዘቡ ባንክ ገብቶ እስኪታይ ድረስ አታንሱ።